የአፉ ቃለ ጉባኤ

«ኧረ ቀስ በል ሣህሌ፣ ከብት ነው!»

ሣህሌ ፍሬኑን ረገጠው። አሮጌዋ ሃይሉክስ ተንሸራትታ አንድ ቀንዳም ወይፈን አፍንጫ ሥር ስትደርስ ቆመች። ወይፈኑ የመኪናዋን ግንባር አሸተተ፤ የሚቀመስ ነገር እንደሌላት ሲረዳ ጭራውን እያወዛወዘ አስፋልቱን ተሻገረ። ከኋላው ሌላ መቶ ያህል ከብት ተከተለው። ቆላው በበጋ ሲቃጠል ወደ ጨፋ ሣር የሚወጡ የአፋር አርቢዎች ከብቶች ናቸው። እረኞቹ ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው በእርጋታ ያልፋሉ። መኪናው ውስጥ ያለችው ሴት ዶክተር መሆኗም መቸኮሏም እነሱን አይመለከትም።

ዶክተር ዕፀገነት ዘመድኩን ግን የምትቸኩልበት ምክንያት ነበራት። ዕለቱ ማክሰኞ ነው፣ ሰዓቱም ስምንት አልፏል። ነገ ሮብ የጨፋ ሮቢት ገበያ ይቆማል። ከሁለት ቀን በፊት በስንት ድካም ያስማማቻቸው ሁለት ፓርቲዎች ውላቸው ዛሬ ማለዳ ፈርሷል። ጀምበር ሳትጠልቅ ካልተጠገነ ነገ ሁለቱም በአንድ ሰዓት አንድ ሜዳ ላይ ይወጣሉ፤ ዱላ ሳይዝ የሚመጣ ጎረምሳም አይኖርም።

ያ ዓመት የምርጫ ዓመት ነበር። ከከሚሴ እስከ ባቲ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ «ለመሆኑ የማን ነህ?» የሚባባልበት ጊዜ። ፓርቲዎቹ ረጃጅም ስሞች ነበሯቸው። ሕዝቡ ግን ያን ሁሉ ስም ለማስታወስ አልደከመም፣ በምርጫ ምልክታቸው ጠራቸው። መኪናውን የሚነዳው የሣህሌ ፓርቲ መሰላል ሆነ፣ የተፎካካሪው የሙጂብ ደግሞ ጃንጥላ። «መሰላሉ የሚያወጣው ወዴት ነው?» ብሎ የሚያሾፍ አለ፤ «ጃንጥላው ዝናብ እስኪመጣ ምን ሊሠራ?» ብሎ የሚመልስ አለ። በአንድ ነገር ግን ሁለቱም ወገን አንድ ሐሳብ ነበራቸው። ዶክተር ዕፀገነትን ለየራሳቸው ዕጩ ሊያደርጓት ለምነዋታል። ለሁለቱም የሰጠችው መልስ ያው ነው፤ «እኔ ምሁር ነኝ፣ ቦታዬ መሐል ነው።»

መሐል መቆም ይመቻት ነበር ብንል ሐሜት አይሆንብንም። ደሴ ላይ ፖለቲካ ስታስተምር አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል። «ሰጥቶ መቀበል» የሚል ርእስ የሰጠችውን መጽሐፍ ለመጨረስ የምርምር ፈቃድ ወስዳ ወደ ተወለደችበት ከሚሴ የመጣችው በጥር ነው። ከሚሴ ደግሞ የተማረ ሰው ቤቱን ዘግቶ ሲቀመጥ ዝም ብላ አታይም። በሦስተኛው ሳምንት የፓርቲዎቹ የጋራ ምክር ቤት አስታራቂ አድርጎ መረጣት። እሷም «በትርፍ ጊዜዬ» ብላ ተቀበለች። ትርፍ ጊዜ የሚባለው ነገር ከዚያ ወዲህ አልታየም።

ጠቡ የጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። የመሰላሉ አስተዋዋቂ በገበያው መሐል በሞንታርቦ እየለፈፈ ሲያልፍ ሀጂ ጀሚልን አየና «ለጃንጥላ ጥላ የተሸጡ ሽማግሌ!» ብሎ ተናገራቸው። ሀጂ ጀሚል የጃንጥላ ደጋፊ መሆናቸው አይካድም። ከዚያ በፊት ግን በጨፋ ሸለቆ አባጋር ናቸው፤ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ደም ያደርቃሉ፣ እሳቸው ባሉበት ድምፁን ከፍ የሚያደርግ የለም። ስድቡ በእሳቸው ዱዓ የታረቀውን ሁሉ አመመው።

እሑድ ከሚሴ ላይ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠው ተስማሙ። የገበያው ጠዋት የጃንጥላ ይሁን፣ የዙሁር የቀትር አዛን ሲል ማይኩን ለመሰላል ያስረክብ፤ ሞንታርቦው አንድ ብቻ ይሁን፤ ስም ጠርቶ መስደብ ይቅር። ትልቁን ነገር ያደረጉት ግን ሀጂ ጀሚል ነበሩ። ተነሥተው በሰው ሁሉ ፊት ተሳዳቢያቸውን ይቅር አሉት። ቤቱ «አሚን» አለ፣ ሣህሌ እንኳ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ። ቃለ ጉባኤውን በእጇ የጻፈችው ሳቢራ ናት፤ የሁለተኛ ደረጃ መምህርትና የጃንጥላ አባል። የኦሮምኛውን ቅጂ እሷው አዘጋጀች። የአማርኛውን ረቂቅ ዶክተር ዕፀገነት ቤቷ ወስዳ በኮምፒውተር ጻፈች፣ ቋንቋውን አስተካከለች፣ ሰኞ አባዝታ በተነች።

ዛሬ ማለዳ ውሉ ጨፋ ሮቢት ላይ ለሕዝብ ሲነበብ ሀጂ ጀሚል ከመሐል አስቆሙት። «ቃሌን ገለበጡት» ብለው ተነሥተው ሄዱ። ሳቢራ በስልክ የነገረቻት ይህችኑ ብቻ ነው፤ ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ።

የመጨረሻው ላም አስፋልቱን ሲለቅ ሣህሌ ማርሹን አስገባ። ሣህሌ የመሰላል ሊቀመንበር ነው፣ በከሚሴ የታወቀ የእህል ነጋዴ። ስድስተኛ ክፍል ከዕፀገነት ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጦ የሒሳብ መልስ ይገለብጥባት ነበር።

«የቱን ቃል ነው የገለበጥነው?» አለ። «እስቲ አንብቢው።»

ወረቀቱን ከማኅደሯ አወጣች። «ተራ ቁጥር አምስት። 'ሀጂ ጀሚል የደረሰባቸውን ስድብ በተመለከተ በቃል ገልጸዋል።'»

«ምን ብለው ነው የገለጹት?»

ዓረፍተ ነገሩን ደግማ አነበበች። ሰዋስዉ ምንም አይወጣለትም። ይቅርታው ግን የለበትም።

ስልኳን አውጥታ የሳቢራን የእጅ ጽሑፍ ያነሣችበትን ፎቶ ፈለገች። በተሰነጠቀው መስታወት ላይ በሁለት ጣቷ አሰፋችው። ሳቢራ በሰማያዊ እስክርቢቶ፣ ጥርት አድርጋ እንዲህ ጽፋለች፦ «ሀጂ ጀሚል ስለ ስድቡ አፉ ብለዋል።»

አፉ! ዕፀገነት ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ከሚሴ ተወልዶ ይህን ቃል የማያውቅ የለም። ዒድ ሲመጣ ጎረቤት ለጎረቤት «አፉ በሉኝ» ይባባላል። መንገድ የሚወጣ ይለዋል፣ የታመመም ይለዋል። ይቅር በሉኝ ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። እሷ ራሷ ልጅ ሆና የጎረቤታቸውን የእማማ ዓፊያን ብርጭቆ ስትሰብር «አፉ በይኝ» ብላ አልቅሳ ታውቃለች። እሑድ ማታ ግን ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው የከሚሴዋ ልጅ ሳትሆን የደሴዋ መምህርት ነበረች። «አፉ ብለዋል» የሚለውን ስታይ ሳቢራ በችኮላ አንዲት «በ» የዘለለች መሰላት። «በአፉ ብለዋል» መሆኑ ነው። እሱም አንቱታው አልገጠመላት፤ «በአፋቸው» መባል አለበት። «በአፋቸው ብለዋል» ደግሞ የመንደር ወሬ መሰላትና ወደ ቢሮ ቋንቋ ከፍ አደረገችው፦ «በቃል ገልጸዋል»። እንዲህ አድርጋ በሦስት እርምት የሽማግሌውን ይቅርታ ወደ አቤቱታ ለወጠችው። አሥራ ስምንት ዓመት የተማሪ ወረቀት ያረመ እጅ ከባለቤቱ ቀድሞ መሮጥ ይለምዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለእሷ ነው።

የሆነውን ስትነግረው ሣህሌ መሪውን እየደበደበ ሳቀ። ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ያንቺ የእጅ ወለምታ ነው፣ በምን ልናሸው?» አለ። «ስሚ ዕፀ። ጽሑፉ የሳቢራ ነው። 'አልነበበልኝም' በይ። የራሳቸው አባል ናት፣ ቢቆጧት ቢቆጧት ነው። አንቺ ግን ከወደቅሽ በዚህ አገር ሁለቱም ወገን የሚያምነው ሰው አይኖርም። ለእኔ ብዬ አይደለም።»

«እንደ ጓደኛ ነው የምትመክረኝ ወይስ እንደ ሊቀመንበር?»

«ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው። ለይቼ ከየት ላምጣልሽ?»

ያስፈራት ምክሩ ግማሽ በግማሽ እውነት መሆኑ ነው። እውነት ነው፣ እሷ ከወደቀች አስታራቂ የለም። ደግሞም ሳቢራ ከወደቀች መሰላል ነገ ሞንታርቦ ይዞ «ውሉን ያበላሸው ጃንጥላ ነው» ለማለት ይመቸዋል። ይህን ሣህሌ አላሰበውም ማለት የዋህነት ነው። ዕፀገነት አፈረች፣ ፈራችም። ከሁሉ የከፋው ግን ምክሩን ለአንድ አፍታ ያህል የወደደችው መሆኑ ነው። መስኮቱን ከፍታ ነፋስ አስገባች።

ጨፋ ሮቢት ሲደርሱ ሙጂብ የኅብረት ሥራው መጋዘን በር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። የጃንጥላ የዞን ሰብሳቢ ነው፣ ፋርማሲ አለው። ከአሥር ዓመት በፊት ደግሞ የእሷ ተማሪ ነበር፤ የድርድር ኮርስ አስተምራው «ሲ» ሰጥታዋለች። እሷም አልረሳችውም፣ እሱም አልረሳውም።

«አካም ጅርቱ፣ ዶክተር?»

«ፈያዳ፣ ሙጂብ። ሰዎቹ አሉ?»

«አሉ። ሀጂንም ለምነን መልሰናቸዋል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወላሂ፣ እርስዎን ባላውቅ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው እል ነበር። እኔ አልልም። ውስጥ ያሉት ግን የእርስዎ ተማሪዎች አይደሉም።»

መጋዘኑ ውስጥ አርባ ያህል ሰው የማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ሀጂ ጀሚል ከግድግዳው ጥግ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አንገታቸውን ደፍተዋል። ሳቢራ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ብቻዋን ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል። እነ ዕፀገነት ከመድረሳቸው በፊት ነገሩ እሷ ላይ መዞር ጀምሮ ነበር።

«የኦሮምኛው ወረቀት 'ዺፈማ' ይላል፣ ይቅርታ!» አለ ከጃንጥላ በኩል አንድ ሰው፣ ቆሞ። «አማርኛው 'ገልጸዋል' ይላል። አንደኛው ለእኛ ማባበያ፣ ሌላው ለፍርድ ቤት! ሁለቱንም ያዘጋጀችው ማን ናት? ሳቢራ አይደለችም?»

«እኔ አፉ ብዬ ነው የጻፍኩት!» አለች ሳቢራ። ድምፅዋ በጫጫታው ተዋጠ።

ሣህሌ ወደ መሬት አየ። ዕፀገነት ግን ከዚያ በኋላ ማሰብ አላስፈለጋትም። መሐል ወለሉ ላይ ሄዳ ቆመች። ድምፅዋ ሁለት መቶ ተማሪ የሚሰማው ድምፅ ነው፣ መጋዘኑ አይበዛበትም።

«ሳቢራ ትክክል ጽፋለች። ደብተሯን ክፈቱና እዩት። የለወጥኩት እኔ ነኝ። አፉ የሚለውን ቃል ስህተት መስሎኝ አረምኩት። ተንኮል አይደለም፣ ትዕቢት ነው። ከዚሁ አገር ተወልጄ የአገሬን አማርኛ ለማረም ተቀመጥኩ። ጥፋቱ የማንም ፓርቲ አይደለም፣ የኔ የብቻዬ ነው።»

ከዚያ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ «ያ ረቢ! ይህን ሁሉ ዘመን ተምራ አፉ ጠፋት?» ስትል መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። ዕፀገነትም ሳቀች፤ መሳቅ ባትችል ኖሮ ታለቅስ ነበር። ሀጂ ጀሚል ብቻ አልሳቁም። እጃቸውን አንሥተው ጠሯት።

«ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ። ቅረቢ ልጄ። አንቺ የማዘጋጃ ቤቱ የዘመድኩን ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ፣ ሀጂ።»

«እንግዲያው ንገሪኝ፤ አፉ ምንድን ነው?»

«ይቅርታ ነው።»

«ይቅርታ ነው። አፉ ካልኩ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጥቷል፣ የአላህ ነው። መልሼ አላነሣውም፣ መልሼ አልቆጥረውም። እናንተ ግን ተራ ቁጥር ሰጥታችሁ ገበያ ላይ አስነበባችሁት። ስድቡን የረሳው ሁሉ ዛሬ ጠዋት አስታወሰው።»

«ሳቢራ እንደጻፈችው ቢታረምስ?»

«ብታርሚውም ያው ነው ልጄ። አፉ ያልኩት ነገር ወረቀት ላይ ምን ይሠራል? ይውጣ።»

ሣህሌ ከጆንያው ላይ ተነሣ። «ሀጂ፣ ቃልዎን አከብራለሁ። ግን ይህ ለእኔ አይሆንልኝም። ያ የሰደበዎ ልጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቤቱ አልወጣም፣ ፈርቷል። እናቱ እኔን ነው የምትጠይቀኝ። ነገ አንድ ጎረምሳ መንገድ ላይ ቢይዘው፣ 'ሀጂ ይቅር ብለዋል' የሚል ወረቀት ከሌለ ምን ይዤ እከራከራለሁ? ያልተጻፈ ነገር ይዤ ወደ ሰዎቼ አልመለስም።»

«የተጻፈውንማ አየነው!» አለ ሙጂብ። «የተጻፈው ነው ያጣላን።»

ሁለቱም እውነት አላቸው። ዕፀገነት ይህን ስታይ ደነገጠች። ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ትስልና መሐል ላይ ታገናኛቸዋለች፤ መጽሐፏም አራተኛው ምዕራፍ ላይ የሚለው ይህንኑ ነው። እዚህ ግን መሐል የለም። ይጻፍና አይጻፍ በሚሉ ሁለት ሰዎች መካከል ግማሽ መጻፍ የሚባል ነገር አይገኝም።

ሀጂ ጀሚል ሁለቱን ሰዎች እያፈራረቁ ሲያዩ ቆዩ።

«ሣህሌ፣ አንተ የምትፈልገው ወረቀት ነው ወይስ ለልጁ መከታ?»

«መከታ ነው፣ ሀጂ።»

«ጋሪዳ፣ ጥሩ። እንግዲያው ዓረፍተ ነገሩ ይውጣ፣ በቦታው ሰው ይግባ። ዋስ ይቁም። ወረቀት የሚነበበው ለሚያነብ ነው፣ ዋስን ሁሉም ያውቀዋል።»

«ማን ይቆማል?» አለ ሙጂብ።

ሽማግሌው ከዘራቸውን አንሥተው ዕፀገነትን አመለከቱ።

«ሴት ዋስ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ዶክተርስ ዋስ ሆኖ ያውቃል?» አለች ሳቢራ። እስካሁን የተናገረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፣ አሁን ግን ሁሉም ሰማት። «ሁልጊዜ አስተያየት ነው የሚሰጡት።»

ሰው ሳቀ፤ ይህኛው ሳቅ ዕፀገነትን ጠቅ አደረጋት። ተገቢ ነው፣ ሳቢራ የዛሬውን ሁሉ ስታስብ ይህን ለመናገር መብት አላት።

ሀጂ ጀሚል የዋስነቱን ሸክም ሳይደብቁ ነገሯት። ምርጫው እስኪደርስ አሥር ሮብ ይቀራል። አሥሩንም እዚህ ገበያ ትውላለች። መሰላል ቢበድል ጃንጥላ የእሷን በር ያንኳኳል፤ ጃንጥላ ቢበድልም መሰላል ወደ እሷው ይመጣል። ያ ልጅ መንገድ ላይ ቢነካ የምትጠየቀው እሷ ናት። «'እኔ መሐል ነኝ' ማለት አይሠራም» አሉ። «ዋስ የሁለቱም ነው።»

የምርምር ፈቃዷ የሚያልቀው በአሥር ሳምንት ነው። መጽሐፉ በዚያ ካልቀረበ ስትጠብቀው የኖረችው ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ሁለት ዓመት ይገፋል። ባልደረቦቿ ምን እንደሚሉም ታውቃለች፤ «ምሁር ገበያ ለገበያ ይዞራል?» ይላሉ። ይህን ሁሉ አሰበች። ከዚያ የፈራው ልጅ እናት ትዝ አለቻት፣ አይታት እንኳ አታውቅም። እናትየዋ የምትጠይቀው ሣህሌን ነው። ሣህሌ የሚጠይቀው ወረቀት ነው። ወረቀቱን ያበላሸችው ደግሞ እሷ ናት። ሒሳቡ ስድስተኛ ክፍል ከሚገለበጥባት ይልቅ ቀላል ሆኖ አገኘችው፣ ደረቷም ቀለለ።

«እቆማለሁ» አለች። «ግን እኔም የምጠይቀው አለ። ማን እንደሚናገር ሁለታችሁም ጠዋት ጠዋት በስም ትነግሩኛላችሁ። ማይኩ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ አያልፍም፤ በእኔ እጅ ያልፋል።»

ሣህሌና ሙጂብ ተያዩ። መጀመሪያ ራሱን የነቀነቀው ሙጂብ ነው። ሣህሌ ጥቂት አኮረፈ፣ ጠዋቱን ያገኘው ጃንጥላ ነውና አንድ ነገር ሳይጨምር መነሣት አልወደደም። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ጠዋቱና ከሰዓቱ እየተፈራረቀ እንዲሄድ ጠየቀ። ሙጂብ ፊቱን ቋጥሮ ወገኖቹን አየ። ከጆንያዎቹ መካከል ማጉረምረም ተሰማ። በመጨረሻ «ይሁን» አለ፣ እንደ መረረው ሳይደብቅ።

ተራ ቁጥር አምስት በአንድ መስመር ተሰረዘ። ሳቢራ ከሥሩ ጻፈች፦ «ዋስ፦ ዕፀገነት ዘመድኩን»። ወረቀቱን አቀረበችላትና እስክርቢቶውን ከመስጠቷ በፊት ያዝ አደረገችው።

«ይህችን ደግሞ እንዳያርሙብኝ።»

«አላርምም» አለች ዕፀገነት። «አንቺም አፉ በይኝ።»

ሳቢራ ፈገግ አለች። ዕፀገነት ፈርማ ወደ ሀጂ ጀሚል ዞረች። «እርስዎም፣ ሀጂ።»

«አንቺንማ ቅድም ብዬሻለሁ» አሉ ሽማግሌው፣ ለመነሣት ከዘራቸውን እየተመረኮዙ። «ገና መሐል ወለሉ ላይ ስትቆሚ።» እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ መጋዘኑም «አሚን» አለ።

በማግስቱ ገበያው ሞልቶ ነበር። ጃንጥላ የተናገረው በራሱ በሙጂብ አፍ ነው፤ ልጁ ይችልበታል። ስለ ቦርከና ውኃና ስለ ማሽላ ዋጋ ሲያነሣ ሕዝቡ ጆሮውን ሰጠው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አዛን ተሰማ። ሙጂብ ግን ንግግሩ ሞቆለት ነበርና አላቆመም። ከመሰላሉ በኩል የቆሙት ጎረምሶች ተንቀሳቀሱ። ሣህሌ ሰዓቱን አየ፣ ቀጥሎ ዕፀገነትን አየ።

ዕፀገነት ሰዉን ሰንጥቃ ሄደች። ሞንታርቦው የተጫነበት መኪና ላይ ወጥታ እጇን ዘረጋች። ሙጂብ ማይኩን በመዳፉ ሸፈነው።

«አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ዶክተር።»

«ትናንትም ያበላሸን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ስጠኝ።»

ሳቀና ሰጣት። ጎረምሶቹ ባሉበት ቆሙ። ሶላት ተሰግዶ እስኪያልቅ ዕፀገነት የተዘጋውን ማይክ ይዛ ገበያው መሐል ቆመች። ለግማሽ ሰዓት ያህል የጨፋ ሮቢት ድምፅ የማንም ፓርቲ አልነበረም። ሣህሌ መጥቶ ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ አንዲት ሴት አንድ ቀይ በሬ እየጎተተች በመሐላቸው ገባች።

«ዋሷ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ነይልኝ። ኡሚ እባላለሁ። ገዢው 'የተሰረቀ እንዳይሆን ያለ ዋስ በሬ አልገዛም' ብሎ ገትሮኛል፣ ወንድሜ ደግሞ ሐርቡ ቀርቷል።»

«እናቴ፣ እኔ የሌላ ዋስ ነኝ። አንቺንም በሬሽንም አላውቅም።»

«ዋስ ዋስ ነው፣ የሌላ የሚባል አለው? የኔ በሬ መሆኑን ገበያው ሁሉ ያውቃል።»

ዕፀገነት በሬውን አየችው። በሬውም አያት። ከዚያ ለሣህሌ ልትሰጠው የነበረውን ማይክ መልሳ አበራችው።

«ሣህሌ፣ አንዴ ቆይ» አለችና ወደ ሕዝቡ ዞረች። ድምፅዋ ከሞንታርቦው ወጥቶ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። «የኡሚን ቀይ በሬ የሚያውቅ እጁን ያውጣ!»

መጀመሪያ ከጃንጥላው በኩል ሁለት እጅ ወጣ። ቀጥሎ ከመሰላሉ በኩል አራት። ከዚያ በየትኛው በኩል እንደሆነ የማይታወቅ ብዙ እጅ።

«አላልኩሽም?» አለች ኡሚ፣ የበሬውን ገመድ እጇ ላይ እያስያዘቻት።